ቡናቸውን መልሰው እንዲቀዱ፦ ከስትሮክ በኋላ ኦኩፔሽናል ቴራፒን ቤት ውስጥ መሥራት

ኦኩፔሽናል ቴራፒ «የሙያ ሕክምና» ተብሎ ስለሚተረጎም ብዙ ሰው ሥራ ማስቀጠሪያ ይመስለዋል። ሙያ የሚለውን ቃል እናቶቻችን በሚሉት አገባብ ብትወስዱት ግን ትርጉሙ ይቀርባል፤ ሕመም ያስተጓጎለውን የዕለት ሥራ መልሶ ለመሥራት የሚረዳ ሕክምና ነው፦ ወጥ መሥራት፣ ቡና ማፍላት፣ ለሶላት መታጠብ፣ ልብስ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መሳም። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን የያዘው ሰው ደሴም ይሁን ወልድያ ቤቱ ሲገባ፣ አስታማሚዎች ከፍቅር ብዛት ያለብሱታል፣ ያጎርሱታል፣ ጫማውን ሳይቀር ያስሩለታል። ያልተሠራበት እጅ ግን ሊንቀሳቀስ እየቻለ እንኳ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ የሚያስፈልገው እገዛን መንፈግ ሳይሆን መመጠን ነው።

ጠይቁ፣ ከዚያ ተመልከቱ

ታማሚው ከዕለት ሥራው የትኛውን መልሶ መሥራት እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት፤ ልጆቹ አይመልሱለት። ከ5 የማይበልጡ ሥራዎች ይምረጥ። ለእያንዳንዱ አሁን ምን ያህል እንደሚሠራውና ምን ያህል እንደረካበት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይስጥ። ጻፉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግማችሁ ስትጠይቁ 2 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ባለሙያዎች ትርጉም ያለው ለውጥ ይሉታል።

ቀጥሎ ሥራውን ሲሞክር እጃችሁን ሰብስባችሁ እዩ። የተሰናከለው የት ላይ ነው? አቅም አጥሮት፣ የእጁ ስሜት ጠፍቶ፣ ቅደም ተከተሉ ተምታቶበት ወይስ መቀመጫው ዝቅ ብሎበት? መልሱ ሕክምናውን ይለውጠዋል። ለምሳሌ ከእንጀራው የቀኙን ግማሽ በልቶ የግራውን የሚተው ሰው ጠግቦ ላይሆን ይችላል፤ ዓይኑ ደኅና ሆኖ አእምሮው የግራውን ወገን ይዘነጋል። ከትሪው የግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሩና «ቀዩን እስክታይ ድረስ ፊትህን ወደ ግራ አዙር» በሉት።

ቡናውን መበተን

ቀኝ እጃቸው የደከመ እናት ቡና ማፍላት መረጡ እንበል። በወሎ ቡና ዱዓው፣ ጎረቤቱና ምርቃቱ ያለበት ነገር ስለሆነ እንደ ቀላል ምኞት አትዩት። ሥራውን በታትኑት፦ መልቀም፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ መቅዳት፣ ማደል። ሰባቱ አንድ ዓይነት ክብደት የላቸውም። ቡና መልቀም እሳት የለውም፣ ጣትን ያሠራል፣ ተቀምጠው ይሠሩታል፤ ከዚያ ጀምሩ። ትሪው ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ይነጠፍለት፣ አይንሸራተትም። የደከመው እጅ መልቀም ባይችል እንኳ የትሪውን ጠርዝ ይጫን፤ ሥራ ፈትቶ ጭን ላይ አይቀመጥ።

መቅዳትን በቀዝቃዛ ውኃ አለማምዱ። ጀበናው መጀመሪያ ሩቡ፣ ከዚያ ግማሹ ይሞላ፤ ሲኒው 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6 ይሁን። ሙሉ ጀበና ለአንድ እጅ ይከብዳል፤ ሲያጋድልም አፉ ከሲኒው ይስታል። ሙቀጫውን እርጥብ ፎጣ ላይ አቁሙት፤ ዘነዘናውን ደኅናው እጅ ሲይዝ የደከመው የሙቀጫውን ወገብ ይደግፍ። መቁላትና ማፍላት የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። ስሜት የጠፋበት እጅ ሲቃጠል አይታወቀውም፤ ስለዚህ ከሰሉ በደኅናው ወገን ይቀመጥ፣ የደከመው እጅ ወደ እሳቱ አይጠጋ፣ ሙቀቱ ሁልጊዜ በደኅናው እጅ ይለካ።

ዱካ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ዝቅ ስለሚል መነሣቱ ያንገዳግዳል። ወደ 45 ሳንቲሜትር የሚደርስ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ፈልጉ፤ የእግር መዳፍ መሬት ሙሉ ይንካ፣ ረከቦቱም በጠረጴዛ ላይ ከፍ ይበል። አንዱ ልምምድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ቀጥ ብለው መቀመጥ ሲያቅታቸው ወይም የተለመደውን ሲሳሳቱ ድካም ነው፤ ያን ጊዜ መገፋፋት ሳይሆን ማሳረፍ።

እገዛውን ከታች ጀምሩ፦ መጀመሪያ ጠብቁ፣ ከዚያ በቃል አስታውሱ፣ ከዚያ በጣት አመልክቱ፣ ከዚያ እጁን ነክታችሁ ምሩ፤ ሠርታችሁ መስጠት የመጨረሻው ነው። ሙሉውን ለማይችል ደግሞ ከኋላ መጀመር ይሻላል። የሸሚዙን ቁልፍ በሙሉ እናንተ ቆልፉና አንዱን ተዉለት፤ ነገ ሁለቱን። ሥራውን የጨረሰው እሱ ይሆናል።

ልብስና ምግብ

ሲለብስ የደከመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቅ ደኅናው ይቅደም። ይህ ሲገለበጥ እጅጌው የደከመውን ክንድ ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። ማንም ሰው በዚያ ክንድ ጎትቶ አያንሣው፣ በብብቱም ይዞ አይስቀለው፤ ትከሻን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሕመሙም ወራት ይቆያል። ሲቀመጥ ክንዱ በትራስ ወይም በታጠፈ ጋቢ ይደገፍ።

ቀኙ የተያዘ ብዙ ሰው በግራ እጁ መብላትን ይጸየፋል፤ በዚህ አትጫኑት። የማንኪያውን እጀታ ወደ 3 ሳንቲሜትር እስኪወፍር በጨርቅ ጠቅልሉና በቀኝ እጁ አስይዙት፣ ደኅናው እጅ ክርኑን ከሥር ይደግፍ። በግራ ለመብላትም ሆነ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለመስገድ ልቡ ካላረፈ፣ ሸኹን ወይም የነፍስ አባቱን ቤት ጋብዙ። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ አይተኛ። ሲውጥ ካሳለው ወይም ድምፁ እርጥብ ከሆነ ምግቡን አቁሙና ለሐኪም አሳዩት።

ደረጃና መጸዳጃ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ደረጃ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ሲወጣ ደኅናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የደከመው። የእጅ መደገፊያ በሁለቱም በኩል ይሠራ፤ ሲወጣ በቀኝ የነበረው መደገፊያ ሲወርድ ግራ ይሆናልና። ምርኩዙ በደኅናው እጅ ይያዝ።

ለቁጢጥ መጸዳጃ መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ከጉድጓዱ ላይ ይበቃል፤ እግሮቹ ግን መሬት ላይ በደንብ ይታሰሩ ወይም ይቀበሩ፣ መያዣ ግንዱም በደኅናው ወገን ይተከል። ከአልጋው እስከዚያ ያለው መንገድ ማታ መብራት ይኑረው፤ የሚያዳልጥ ምንጣፍና የተጋደመ ጄሪካን ይነሣ። ለውዱእ ጆጉን ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀምጡ፣ ወይም ቧንቧ ያለው ጄሪካን ግዙ፤ በአንድ እጅ ይከፈታል።

የፊት መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር ወይም አዲስ ድክመት በድንገት ከመጣ ልምምዱን ትታችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፤ የጀመረበትንም ሰዓት መዝግባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።