ውሃ የገባበት መኪና ሞተር ነክሷል (ተጣብቆ አልዞርም ብሏል) ከማለታችሁ በፊት

አይሱዙው ጎርፍ ሲሻገር ጠፋና ሞተሪኖው (ማስነሻው) «ቀጭ» ብሎ ቀረ? ቁልፉን አትደጋግሙ፤ በጉተታም አታስነሱት። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስቶኑ ላይ ውሃ ካለ በግድ ሲዞር ቢዬላ (ፒስቶኑን የሚገፋው ዘንግ) ይጣመማል።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። ርሷል? የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ኖዝሎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) በሙሉ አውጡ፣ ከዚያ የፊት ፑሌጃውን (የቺንጊያውን መዘውር) ቡሎን በረጅም ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ፊታችሁን ከቀዳዳዎቹ አርቁ፣ ውሃው ፊጭ ይላል። ውሃው ወጥቶ ሙሉ ሁለት ዙር በቀላሉ ከዞረ አልነከሰም፣ የያዘው ውሃው ነው። የወጣው ውሃ የራዲያተር ውሃ ቀለም ካለው ግን ከጎርፉ ይልቅ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

ኖዝል ወጥቶም ካልተነቃነቀ ዝገት ወይም የተጣመመ ቢዬላ ሊኖር ይችላል፤ አታስገድዱት፣ ይፈታ። የዘይቱንም መለኪያ እዩ፤ ማኪያቶ ከመሰለ ዘይትና ፊልትሮ ሳትቀይሩ በፍጹም እንዳታስነሱ።

ሞተሩ ኮመን ሬይል (ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚረጭበት) ከሆነ ኖዝሉን ለሚያውቀው ባለሙያ ተዉት፤ ትንሽ አቧራ እንኳ ያበላሸዋል።