የፈረስ እግር ክፉኛ ሲቆስል የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢሾፍቱ ውስጥ ጋሪ እስካሁን ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ይኖራል። ጎረቤታችን ጋሼም የሚተዳደሩት በጋሪ ነው። ፈረሳቸው ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው። ባለፈው ክረምት ቦይ ሲሻገር ጭቃ ውስጥ የተጣለ ቆርቆሮ የፊት ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሸረከተው። ቆዳው እንደ ክዳን ተገልብጦ ተንጠለጠለ።

ሰፈሩ ወጣ። አንዱ የተፈጨ ቡና ይዞ መጣ፣ ሌላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አንዷ ደግሞ በረኪና። እኔም ባዶ እጄን አልነበርኩም፤ ገመድ ይዤ ነበር። ሁላችንም ልንረዳ ነው። ሐኪሙ ደርሶ ያየውን ባየ ጊዜ ግን ከቆርቆሮው ይልቅ እኛን ነው የተቆጣው።

አንድ ነገር ከመነሻው እንያዝ። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ሥጋ የለውም። ያለው ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ነው። ደምም እንደ ልብ አይደርስበትም። ለዚህ ነው ጎኑ ላይ ቶሎ የሚድን ቁስል እዚያ ወራት የሚፈጀው። ከቁስሉ ዳር የሚያድገው አዲስ ቆዳ በቀን የሚራመደው 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት፣ ቁስሉ ራሱ ካልተኮማተረ፣ ከሁለቱም ዳር እየመጣ እንኳ 100 ቀን ይፈልጋል። ይህን ያህል መታገሥ ስለሚያቅተን ነው እጃችን አርፎ የማይቀመጠው።

ጨርቁን እያነሱ ማየት

250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ 20 ሊትር ገደማ ደም አለው። መሬት ላይ አንድ ጆግ ሲፈስ ግን ያለቀለት ይመስላል። ያኔ ሰው ይደነግጣል፤ ጨርቁን ይጫንና ከሁለት ደቂቃ በኋላ «ቆመ ወይ?» ብሎ ያነሳዋል። የረጋው ደም አብሮ ይነሳል፤ እንደገና ከዜሮ።

ንጹሕ ጨርቅ አጥፋችሁ በኃይል ተጫኑ፤ ሰዓት እያያችሁ 15 ደቂቃ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት እንጂ የታችኛውን አታንሱ። ደማቅ ቀይ ደም እንደ ቧንቧ እየተወነጨፈ ከሆነ፣ እየተጫናችሁ ሐኪም ማስጠራት ነው።

እኔ ይዤው የነበረው ገመድ ከቁስሉ በላይ ጥርቅም አድርጎ ለማሰር ነበር። እግሩን በሙሉ ደም መከልከል ማለት ነው። ደግነቱ አልደረስኩም።

በነገራችን ላይ፣ የቆሰለ ፈረስ ሲነካ የዋህነቱ ይጠፋል። አንድ የሚያውቀው ሰው ጭንቅላቱን ይያዝለት፤ ከግንድ ጋር አታስሩት። እግሩ ሥር ስትሠሩ ቁጢጥ በሉ እንጂ አትቀመጡ፣ አትንበርከኩም። ለመነሳት ግማሽ ሰከንድ ነው የምታገኙት።

ቡና፣ አመድ፣ ፋንድያ፣ ዘይት፣ በረኪና

ይሄ ትልቁ ነው፤ የምንኮራበትም ስህተት ነው። ቡና ደም ያቆማል እየተባለ አድገናል። የሐኪሙን መልክ ግን አልረሳውም። የቦራ ቁስል ውስጥ የገባውን ቡና በውኃ እያጠበ፣ በመቆንጠጫ እየለቀመ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ጥቁሩ ዱቄት ከጅማቱ ሽፋን ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ያ ግማሽ ሰዓት ከስፌቱ ጊዜ ላይ የተቀነሰ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል መሰፋት የሚችለው ሳይቆሽሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሲደረስበት ነው።

በረኪና፣ አልኮልና ያልተበረዘ አዮዲን ተህዋሲያንን ብቻ አይገድሉም፤ ቁስሉን ሊጠግን የመጣውንም ሕያው ሥጋ ያቃጥላሉ። የፈረስ ፋንድያ ውስጥ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) አምጪው ይኖራል፤ እሱን እመለስበታለሁ። ሐኪሙ ያለን አጭር ነበር፦ «ዓይናችሁ ውስጥ የማትጨምሩትን እዚህም አትጨምሩ።»

ታዲያ በምን ይታጠብ? በጨው ውኃ። አንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። 9 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ለጥ ተደርጎ እንጂ ተቆልሎ ሳይሆን፣ ጨምሩበት። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ቀዳዱና ጠርሙሱን እየጨመቃችሁ እጠቡ። ምንም ከሌለ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ በዝግታ ይፍሰስበት። ጭቃው ከለቀቀ ይበቃል፤ እየደጋገሙ መዘፍዘፉ ሥጋውን ያላላዋል። ከዚያ ሐኪሙ እስኪመጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጠብቁ። ዱቄትም ቅባትም አታድርጉ።

የተንጠለጠለውን ቆዳም አትቁረጡ። ጋሼ ምላጭ አውጥተው ነበር፤ «ዝም ብሎ ይበሰብሳል» ብለው። ሐኪሙ ያንን ቆዳ መልሶ ሰፋው። ከታች በኩል ጥቂቱ ሞቶ ወደቀ፤ የቀረው ግን ለሥሩ ሥጋ ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ ልብስ ሆነለት።

ትንሿን ቀዳዳ መናቅ

የተበረገደ ቁስል ያስፈራል፤ ሐኪም ይጠራለታል። ምስማር ወይም እሾህ የወጋት ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ ግን «ይቺማ ምን አላት» ትባላለች። ፈረስ የሚገድለው ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ቀዳዳዋ መገጣጠሚያ አጠገብ ወይም ከጅማት ሽፋን ላይ ከሆነች ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። መገጣጠሚያ ውስጥ መግል ከያዘ በኋላ ማዳን እጅግ ከባድ ነው። ከቁስሉ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያዳልጥ፣ ቢጫ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ያ የመገጣጠሚያ ዘይት ነው። ቁስሉ ትንሽ ሆኖ ፈረሱ በማግስቱ ጨርሶ እግሩን መሬት ማስነካት ካቃተውም እንደዚያው ጠርጥሩ። 24 ሰዓት ሳይሞላ መታየት አለበት። ነገ ገበያ ስንሄድ እናሳየዋለን አይባልም።

ቁስሉ ያለበትን ጎንም እዩ። ከእግሩ ፊት ለፊት ያለው ጅማት እግርን የሚዘረጋ ነው፤ ቢቆረጥ እንኳ በእረፍትና በድጋፍ ብዙ ጊዜ ይድናል። ከኋላ ያሉት ግን ሸክሙን የሚችሉት ናቸው። ፈረሱ ሲቆም ኮቴው ከፊት ሽቅብ ካለ ወይም ከኮቴው በላይ ያለው መገጣጠሚያ ወደ መሬት ከወረደ፣ የተቆረጠው እዚያ ነው። አታስኪዱት፤ ሐኪሙ ወደ እሱ ይምጣ። የቦራ ቁስል ከፊት ነበር። ዕድለኛ ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ መርፌን መርሳት

ከቤት እንስሳት ሁሉ በቴታነስ እንደ ፈረስ የሚጠቃ የለም ማለት ይቻላል። ተህዋሲው አፈር ውስጥ አለ፣ ፋንድያ ውስጥ አለ። ምልክቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ቁስሉ ደህና እየሆነ ነው ተብሎ ሁሉም ሲረጋጋ። ጅራቱ ይገተራል፣ ጆሮው ይቆማል፣ የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ብልጭ ይላል፣ መንጋጋው ይቆለፋል። ያኔ ከሚድነው የሚሞተው ይበልጣል። ስለዚህ ስለ መርፌው ሐኪሙን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት። እሱም ሊረሳ ይችላል፤ ሰው ነው።

ፋሻ በካላማዳሪ

ጥሩ ፋሻ ቁስሉን ከዝንብና ከጭቃ ይጠብቃል፣ እብጠትም ይይዛል። መጥፎ ፋሻ ግን ከቁስሉ የከፋ ነው። በሲባጎ ወይም በካላማዳሪ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ እግር አይቻለሁ። ሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ሞቶ ነበር። ጅማቱም አብሮ ይጎዳል።

ቁስሉ ላይ የማይጣበቅ ንጹሕ ጎዝ ይሁን። በላዩ ጥጥ፣ ወፍራም አድርጋችሁ፤ የሳሳች ጥጥ አትጠቅምም። በመጨረሻ ፋሻው፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ ዙር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ። ሁሉም ዙር እኩል ይጥበቅ፤ አንዱ ከላላ አንዱ ከጠበቀ የጠበቀው ይቆርጠዋል። ከላይኛው ጫፍ ጣታችሁ መግባት አለበት።

መቼ ይቀየራል? መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ሐኪሙ እንዳለው። ከራሰ፣ ከሸተተ፣ ከተንሸራተተ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ፈረሱ ፋሻውን በጥርሱ ከጎተተ ወይም ከፋሻው በላይ እግሩ ካበጠ ወዲያው ፍቱት። ክረምት ከሆነ ሌላው ሥራ መሬቱ ነው። ፋሻ በምን ያህል ጥንቃቄ ቢታሰር ጭቃ ላይ ከቆመ ዋጋ የለውም። ጋሼ የቦራን በረት በደረቅ ገለባ ሞሉት፤ በየማለዳው የረጠበውን እየጠረጉ።

ሥጋው ሲበቅል መደናገጥ፣ ወይም ማቃጠል

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክፍት ቁስል ይሰፋል። እየባሰበት ሳይሆን ቆዳው ስለሚሳብ ነው። ከዚያ ከሥር ቀይ፣ ፍርፍር ያለ ሥጋ ይመጣና ጉድጓዱን ይሞላል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ችግሩ የፈረስ እግር ማቆሚያውን አለማወቁ ነው። ሥጋው ከቆዳው በላይ እንደ አበባ ጎመን ያብጣል። ዳር ላይ ያለው ቀጭን ቆዳ ያንን ኮረብታ መውጣት ስለማይችል ባለበት ይቆማል። አገር ቤት መድኃኒቱ የጋለ ብረት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰማያዊ ድንጋይ (ኮፐር ሰልፌት) ይነሰንስበታል። ሁለቱም ትርፉን ሥጋ ብቻ ሳይሆን አዲሱንም ቆዳ ያቃጥሉታል። ሐኪም በስለት ከቆዳው እኩል ያስተካክለዋል። ሥጋው ነርቭ ስለሌለው ፈረሱን ብዙም አያመውም፤ ደሙ ግን ብዙ ነው፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እብጠቱ ቁስሉ ላይ ሳይሆን እግሩን ተከትሎ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ፣ አንዱ እየፈነዳ ሌላው እየተተካ ከሄደ ትርፍ ሥጋ አይደለም። የጋሪ ፈረሶች የሚያውቁት ንድፍት የተባለው ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። በዝንብና በጋራ ዕቃ ከቁስል ወደ ቁስል ይተላለፋል። ፈረሱን ለዩት፤ ልጓሙንም፣ ማጠቢያ ጨርቁንም።

መርፌ ከሱቅ

ፔኒሲሊን ገዝቶ አንድ ቀን ወግቶ መተው ከንቱ ነው። ነጩን፣ ወተት የሚመስለውን ፔኒሲሊን ደም ሥር ውስጥ መውጋት ደግሞ ፈረሱን እዚያው ሊገድለው ይችላል። የሚወጋው ጡንቻ ውስጥ ነው፤ የሚወጋውም የሚያውቅ ሰው ነው። የሰው ማስታገሻ ክኒንም ለፈረስ አይሰጥም።

ሦስቱን ደህና እግሮች መርሳት

በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባርባሮ የተባለ ፈረስ የአሜሪካውን ኬንታኪ ደርቢ አሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ውድድር ላይ የኋላ ቀኝ እግሩ ተሰባበረ። በገንዘብ የሚገኝ ሕክምና ሁሉ ተደረገለት፤ የተሰበረውም እግር ወደ መዳኑ ሄዶ ነበር። ነገር ግን ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው የግራ እግሩ ኮቴ ከውስጥ ተቆጣ። ኋላ የፊት እግሮቹም ተከተሉ። በጥር 2007 በመርፌ አሳረፉት። ለዚያ ያበቃው የተሰበረው እግር አልነበረም።

ፈረስ በሦስት እግር ለሳምንታት መቆም አይችልም። ኮቴውን ከአጥንቱ ጋር የያዘው ሥጋ ደም ያጥረዋል፣ ይቆጣል፣ ይላቀቃል። ስለዚህ ወፍራም ጉዝጓዝ ይኑረው። ሕመሙም በሐኪም ትእዛዝ ይታገሥለት፤ የታመመውን እግር የሚረግጠው ሕመሙ ሲቀልለት ነው። በየቀኑ ጤነኛውን ኮቴ በእጃችሁ ዳስሱ። ከጋለ፣ ወይም ፈረሱ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ መቆም ከጀመረ ፈጥናችሁ ደውሉ።

ምግብም እዚሁ ይገባል። ጋሼ ቦራን እንደ አራስ ሊያደልቡት ተነሱ፤ ገብስ በላይ በላዩ፣ ፉርሽካ በላይ በላዩ። የማይሠራ ፈረስ እህል ሲበዛበት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያው የኮቴ በሽታም ይመጣበታል። «ዶክተር፣ ደም ፈሶት እንዴት ገብስ ይከለከላል?» አሉ። «ድርቆሽና ውኃ ይጥገብ አባቴ፤ ገብሱን ጋሪ ሲጎትት ይደርስበታል» አላቸው።

ቶሎ ጋሪ ላይ መመለስ

እዚህ ላይ መምከር ይቀላል። ፈረሱ ቆሞ በዋለ ቁጥር የልጆች እራት አብሮ ይቆማል። ጋሼ በሁለተኛው ወር ቁስሉ ሲጠብ አይተው ቀንበሩን አውጥተው ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የቆዳው መገጣጠምና የጅማቱ መጠንከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተቆረጠ ጅማት ወደ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል።

ለቦራ የተሰጠው ትእዛዝ ይህ ነበር። ቁስሉ እስኪዘጋ በረት። ከዚያ በእጅ እየተመራ፣ ለጥ ባለ መሬት፣ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ። በየሳምንቱ ትንሽ ይጨመራል። ካነከሰ ወይም በማግስቱ እግሩ ካበጠ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀጥሎ ባዶ ጋሪ፣ ከዚያ አንድ ሰው፣ ከዚያ ሸክም።

ቦራ ሥራ የጀመረው በአምስተኛው ወር ነው። ጠባሳው ዳር ላይ የበቀለው ጸጉር ነጭ ነው፤ መሃሉ ግን እንደተላጨ ቀርቷል። ጋሼ ማታ ሲያስሩት ገመዱን ከእግሩ ወደ አንገቱ አዛውረዋል። ቦዩ ጋ ሲደርሱም ከጋሪው ይወርዱና ቀድመው በዱላ ጭቃውን ይፈትሹታል። ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም አይሰሙም።