ሊቪንግ ትረስት ተፈርሞ ሳለ የማይሠራው ለምንድን ነው? ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሊቪንግ ትረስት አንድ ሰው በሕይወት ሳለ ንብረቱ በባለአደራ ስም ለተጠቃሚዎች እንዲያዝ የሚያቋቁምበት ሰነድ ነው። በአሜሪካ ቤተሰቦች ይህን የሚያቋቁሙበት ዋና ምክንያት፣ ንብረታቸው ከሞት በኋላ ፕሮቤት በሚባለው የፍርድ ቤት የውርስ ማጣራት ሂደት ውስጥ እንዳያልፍ ነው። መሥራቹ በሕይወት እስካለ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ባለአደራም ተጠቃሚም ሆኖ ይቆያል፤ ሰነዱን ሊያሻሽለውም ሊሽረውም ይችላል። ሲሞት ወይም ማስተዳደር ሲሳነው ደግሞ ተተኪ ባለአደራው ይረከባል።

ችግር፦ ትረስቱ ተፈርሟል፣ ቤቱ ግን ፕሮቤት ገባ

ልጆች የትረስቱን ሰነድ ይዘው የወላጃቸውን ቤት ለመሸጥ ሲሄዱ፣ ቤቱ በካውንቲው መዝገብ ላይ አሁንም በሟች የግል ስም እንደተመዘገበ ይነገራቸዋል። የዚህ ምክንያቱ ትረስት በአግባቡ በተዛወረለት ንብረት ላይ እንጂ በሌላው ላይ የማያዝ መሆኑ ነው። ጠበቃው ሰነዱን አዘጋጅቶ ካስፈረመ በኋላ የስም ዝውውሩን ለደንበኛው መተው የተለመደ ሲሆን፣ ደንበኛው ደግሞ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ የተሸሸገ ነው፤ የቤት ብድር በአዲስ ብድር ሲተካ አንዳንድ አበዳሪዎች ቤቱ ለጊዜው ከትረስቱ እንዲወጣ ስለሚጠይቁ፣ የአዲሱ ብድር ውል ከተጠናቀቀ በኋላ ቤቱን መልሶ ማስገባት ይረሳል።

መዘንጋቱ ውድ ዋጋ ያስከፍላል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ሕግ የፕሮቤት ጠበቃ ክፍያ የሚሰላው በንብረቱ ጠቅላላ ግምት ላይ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው 100,000 ዶላር 4 በመቶ፣ ከቀጣዩ 100,000 ዶላር 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 800,000 ዶላር ደግሞ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ የ1,000,000 ዶላር ቤት ለጠበቃው 23,000 ዶላር ያስወጣል፤ አስፈጻሚውም በዚያው ስሌት ሊከፈለው ይችላል። የቤቱ ዕዳ ከግምቱ አይቀነስም።

መሥራቹ በሕይወት ካለ መፍትሔው ቀላል ነው። ቤቱን ከግል ስሙ ወደ ትረስቱ ባለአደራ ስም የሚያዛውር አዲስ የባለቤትነት ሰነድ በኖታሪ ፊት ይፈርማል፤ ሰነዱንም ቤቱ በሚገኝበት ካውንቲ ያስመዘግባል። ባንኩ ብድሩን በአንድ ጊዜ ክፈሉ ይላል የሚለው ስጋት ብዙዎችን ያስቀራል፤ ሆኖም የ1982ቱ የጋርን-ሴንት ጀርሜይን ሕግ፣ ተበዳሪው የትረስቱ ተጠቃሚ ሆኖ እስከቀጠለና ቤቱን የመያዝ መብቱን ለሌላ እስካላስተላለፈ ድረስ፣ ከአምስት ያነሱ መኖሪያዎች ባሉት ቤት ላይ አበዳሪው በዚህ ዝውውር ሰበብ ብድሩ በአንድ ጊዜ እንዲከፈል እንዳይጠይቅ ይከለክላል። የቤቱን መድን ሰጪ ማሳወቅ ግን መዘለል የለበትም።

መሥራቹ ከሞተ አማራጩ ይጠባል። በካሊፎርኒያ ከ1993ቱ የሄግስታድ ውሳኔ ወዲህ፣ መሥራቹ ራሱ ባለአደራ ሆኖ ቤቱ የትረስቱ ንብረት መሆኑን በጽሑፍ አስፍሮ ከነበረ፣ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ እንዲያረጋግጥ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ከትረስቱ ጋር አብሮ የሚፈረመው፣ የቀረውን ንብረት ወደ ትረስቱ የሚያስገባ ኑዛዜም ንብረቱ ለማን እንደሚደርስ ይወስናል እንጂ ፕሮቤትን አያስቀርም። ይህን ልዩነት በፊርማው ዕለት አጥርቶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ችግር፦ የጡረታ ገንዘቡ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ተከፈለ

እንደ 401ኬ ያለ የጡረታ ሂሳብና የሕይወት መድን የሚከፈሉት በተቋሙ ዘንድ ባለው የተጠቃሚ ቅጽ መሠረት ነው፤ ትረስቱ ሌላ ሰው ቢጠቅስም ቅጹ ይበልጣል። መፍትሔው ከጋብቻ፣ ከፍቺ፣ ከልደትና ከሞት በኋላ ቅጹን ማደስ ነው። የጡረታ ሂሳቡን ራሱን በሕይወት ሳሉ ወደ ትረስቱ ስም ማዛወር ግን ገንዘቡ እንደወጣ አስቆጥሮ የገቢ ግብር ሊያስከፍል ስለሚችል አይመከርም።

ችግር፦ እናት ታመዋል፣ ባንኩ ግን ተተኪውን አያስተናግድም

ብዙ ትረስቶች መሥራቹ ማስተዳደር እንዳልቻለ በአንድ ወይም በሁለት ሐኪሞች ደብዳቤ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። የሕክምና መረጃ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሰነድ አስቀድሞ ካልተፈረመ ሐኪሞቹ ለመጻፍ ይቸገራሉ፣ ባንኩም ያለ ደብዳቤው ተተኪው ሂሳቡን እንዲያንቀሳቅስ አይፈቅድም። ስለዚህ ይህ ፈቃድ ከትረስቱ ጋር አብሮ መፈረም አለበት። የውርስ ክፍፍሉን ሳይገልጽ ባለአደራው ማን እንደሆነና ሥልጣኑን የሚያሳይ አጭር የትረስት ማረጋገጫም ለባንኩ ማቅረብ ይቻላል። ከትረስቱ ውጭ ለቀረው ንብረት ደግሞ የጸና የውክልና ሥልጣን (ወካዩ ማስተዳደር ቢሳነውም የማይቋረጥ ውክልና) ያስፈልጋል፤ ባለአደራው እዚያ ላይ ምንም ሥልጣን የለውምና።

ችግር፦ ትረስቱ ከአበዳሪና ከግብር አላዳነም

ይህ የሰነዱ ጉድለት ሳይሆን የተጠበቀው ነገር ስህተት ነው። መሥራቹ ሊሽረው የሚችለውን ንብረት አበዳሪዎቹም ሊደርሱበት ይችላሉ፤ ገቢውም በእሱ የግል ግብር ማስታወቂያ ላይ ይገባል። ጥበቃ የሚፈልግ ሰው የማይሻር ትረስትን ከጠበቃ ጋር ሊመክርበት ይችላል፤ በምላሹ ግን ንብረቱን እንደልብ የማዘዝ ነጻነቱን ያጣል።

ችግር፦ ወንድምና እህት ባለአደራውን ከሰሱ

የጠቡ መነሻ በአብዛኛው የባለአደራው ዝምታ ነው። በካሊፎርኒያ መሥራቹ ሲሞት ባለአደራው በ60 ቀናት ውስጥ ለተጠቃሚዎችና ለሕጋዊ ወራሾች የጽሑፍ ማስታወቂያ የመላክ ግዴታ አለበት፤ ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ ትረስቱን ለመቃወም የተሰጠው ጊዜ በመደበኛው 120 ቀናት ነው። ማስታወቂያ ላልላከ ባለአደራ ይህ ቀነ ገደብ መቆጠር አይጀምርለትም። ስለዚህ ማስታወቂያውን በጊዜ መላክ፣ የትረስቱን ገንዘብ ከግል ሂሳብ ለይቶ መያዝና እያንዳንዱን ወጪ መመዝገብ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የባለአደራው ሥራ ነው።