ሴፍቲ ቫልቯን አትወትፏት፦ የቤት ቦይለር ግፊት ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ ቦይለር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሚደወሉልኝ ስልኮች ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ቦይለሩ ያፈሳል፣ ቶሎ ድረስልን።» ስደርስ የሚያፈሰው ቦይለሩ አይደለም። ከሥሩ በቀዝቃዛው መስመር ላይ የተገጠመችው ትንሽ የነሐስ ዕቃ፣ ሴፍቲ ቫልቯ ናት። ብሬከሩንና ጌት ቫልቩን (የውሃ መዝጊያውን) አይታችኋል፣ ሮቶው ውስጥም ውሃ አለ ብዬ እነሳለሁ።

ምልክት፦ ቦይለሩ ሲሞቅ ብቻ ያንጠባጥባል

ይህ ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ ከ1 ሊትር በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቦይለሩ ብረት ነው፣ አይለጠጥም። ወደኋላም መመለስ አይችልም፤ ቫልቯ ውስጥ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ አለ። ስለዚህ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ቫልቯ ላይ የተጻፈው ቁጥር ላይ ሲደርስ ትከፍትና ትንሽ ትለቃለች። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 7 ወይም 8 ባር ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው።

ለማረጋገጥ ከሥሯ ባዶ ሃይላንድ አስቀምጡ። ሙቅ ውሃ ሳትከፍቱ ቦይለሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪሞቅ ጠብቁ። ከ80 ሊትር ቦይለር 1 ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ከተጠራቀመ ቫልቯ ደህና ናት። የሚያስፈልገው ጠብታውን ወደ ፍሳሽ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው ቁልቁል ይውረድ፣ ጫፉ ክፍት ይሁን።

ጫፉን አትዝጉ። ይህን ደጋግሜ የምለው ያየሁትን ስላየሁ ነው።

ዳቤ አካባቢ አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ሁለት ወር ሙሉ ወለሉን ስታበሰብስብኝ ከርማ አሁን ግን አስቆምኳት» አሉኝ። የመጥረጊያ እንጨት ጠርበው ቀዳዳዋ ውስጥ ወትፈዋል፣ በላዩም ማስቲሽ ለድፈውበታል። እኔን የጠሩኝ ከመታጠቢያ ቤቱ የሚያስፈራ ድምፅ ስለሰሙ ነው። ገብቼ ሳይ ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊው የውሃ ቱቦ) አብጧል፣ የቦይለሩ የታች ክዳን ጎማ ወደ ውጭ ተገፍቶ ወጥቷል። ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋው ቴርሞስታትም ተጣብቆ ኖሯል፤ ማሞቁን አላቆመም። «እማማ፣ ማንም እዚህ እንዳይገባ» አልኳቸውና ብሬከሩን አወረድኩ። ምንም ቧንቧ አልከፈትኩም። እስኪበርድ ድረስ ግቢ ተቀምጠን ጠበቅን። የልጅ ልጃቸው በየማታው እዚያ ነው የሚታጠበው። ያን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ።

ለምን እንደሚያስፈራ ልንገራችሁ። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በ8 ባር ግፊት ታፍኖ ግን ከ170 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። እንዲህ የጋለ ቦይለር ከተቀደደ ከውስጡ ያለው ውሃ ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1 ሺህ እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ግድግዳ ይጥላል።

ምልክት፦ ሞቀም ቀዘቀዘም ያንጠባጥባል

እዚህ ላይ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዩ። ቦይለሩ ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ያለ ፓምፕ የሚመገብ ከሆነ ግፊቱን አትጠርጥሩ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው። ሮቶው ከቦይለሩ 3 ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ነው። በዚህ ግፊት 8 ባር የተጻፈባት ቫልቭ አትከፍትም። መቀመጫዋ ላይ አሸዋ ወይም ነጭ ደለል ተቀምጧል ማለት ነው። የአዳማ ንፋስ ክዳኑ ያልተገጠመ ሮቶ ውስጥ ምን ያህል አቧራ እንደሚጨምር ሮቶ ያጠበ ሰው ያውቃል። ቦይለሩ ቀዝቅዞ እያለ የቫልቯን ማንሻ ሁለት ሦስቴ ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ውሃው አጥቦት ይሄዳል። ካልተወች ቀይሯት።

ከመንገድ መስመር በቀጥታ የምትወስዱ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቀን ሁሉም ሲቀዳ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሌሊት ሰፈሩ ሲተኛ ይነሳል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ አንድ ቤት ሦስት ቫልቭ ቀይረው ሦስቱም አንጠባጠቡባቸው። እኔም አንዷን ቀይሬ ነበር። አራተኛውን ከመግዛታቸው በፊት ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ገጥሜ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ አንብቡልኝ» አልኳቸው። ቀን 3 ባር የነበረው ሌሊት 7 ባር ተኩል ሆኖ ተገኘ። ቫልቮቹ ምንም አልነበሩም። ከጌት ቫልቩ ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ ገጥሜ 3 ባር ላይ አሰርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሲሞቅ ብቻ ነው የምታንጠባጥበው።

ፓምፕ ካላችሁ ደግሞ ማን እንዳስተካከለው ጠይቁ። «ሻወሩ ይጠንክር» ተብሎ የሚነሳበትና የሚጠፋበት ግፊት ማስተካከያው እስከ ጥግ የተጠመዘዘ ፓምፕ ብዙ አይቻለሁ። ለቤት እስከ 3 ባር ይበቃል። ፓምፑ በየደቂቃው በርቶ የሚጠፋ ከሆነ የፓምፑ ትንሽ ታንክ አየሩን ጨርሷል። ፓምፑን አጥፉ፣ ውሃውን አውጡ፣ ከጎሚስታ የጎማ መለኪያ ተዋሱና አየሩን ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት 0.2 ባር ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉት።

ምልክት፦ ኤለመንት (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል

ፍራንኮ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን በአንድ ዓመት ሦስት ኤለመንት ተቃጠለባቸው። ባለቤቱ ዕቃ የሸጠላቸውን ሰው ይረግሙ ነበር። እውነት ነው፣ ኤለመንቱ ቀሽም ነው። ያቃጠለው ግን ሌላ ነው። ስታንጠባጥብ የሰለቻቸው ሰው ሴፍቲ ቫልቯን አውጥቶ በኒፕል (በአጭር ማገናኛ ቧንቧ) በቀጥታ ገጥሞታል። ከእሷ ጋር ቼክ ቫልቩም ወጣ። ውሃ ሲቋረጥ ታች ቤት አንዱ ቧንቧ ይከፍታል፣ የላይኛው ቦይለር ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ተመልሶ ይፈሳል። ብሬከሩ ግን እንደበራ ነው። ኤለመንቱ በባዶው ይግላል።

ስትገጥሙ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጌት ቫልቭ፣ የግፊት መቀነሻ ካለ እሱ፣ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ቦይለር። ቀስቷ ወደ ቦይለሩ ይሁን። በእሷና በቦይለሩ መካከል ሌላ መዝጊያ በፍጹም አይግባ። ሰውነቷ ላይ የባር ቁጥር ያልተጻፈባትን አትግዙ። እጅ ላይ ስትይዟት እንደ ፕላስቲክ የምትቀልም ትቅር። ቦይለር በብዙ ሺህ ብር ገዝቶ ቫልቭ ላይ መቆጠብ አይገባኝም።

ምልክት፦ ቀዝቃዛው ጠንካራ፣ ሙቁ ደካማ

ሮቶ ከፍ ለማድረግ ብረት አታሠሩ። 1 ሜትር ብትጨምሩ 0.1 ባር ነው የምታገኙት። ቀዝቃዛው ጠንካራ ከሆነ ግፊት አለ፤ የተዘጋው የሙቁ መንገድ ነው። የሻወሩን ወንፊት፣ ቀጥሎ ሚክሰሩን፣ ቀጥሎ የሴፍቲ ቫልቯን ውስጥ እዩ። አዲስ ቤት ከሆነ የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ብየዳውን ጠርጥሩ። 20 ሚሊ ሜትር የሚባለው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በያጁ ከልክ በላይ አሙቆ ከገፋው የቀለጠው ፕላስቲክ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ከቀዝቃዛው ቧንቧ ሙቅ ውሃ ከመጣ፦ ቼክ ቫልቩ አልቋል፣ ሴፍቲ ቫልቯን ቀይሩ።

ከቦይለሩ ሆድ ራሱ፣ ከቆርቆሮው ስፌት የዛገ ውሃ ከወጣ፦ ታንኩ ተበልቷል፣ አይጠገንም። ብሬከሩን አውርዱ፣ ጌት ቫልቩን ዝጉ፣ ሌላ ቦይለር ግዙ። የድሮዋን ቫልቭ ወደ አዲሱ አታዛውሩ።