የመጀመሪያ የፒፓ ትምባሆ፦ ምላስ ሲያቃጥል፣ ራስ ሲያዞር፣ ፍሙ ሲጠፋ

አዳማ ላይ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጀማሪው ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞለት የመጣውን ቆርቆሮ ከፍቶ፣ የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር ይጀምራል። ከዚያ ምላሱ ይላጣል፣ ፍሙ ይጠፋበታል፣ "ትምባሆው አይረባም" ብሎ ሌላ ያስመጣል። እኔ እስካየሁት ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የትምባሆው ስም ሳይሆን እርጥበቱና የአሳሳቡ ፍጥነት ነው። ምርጫው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። የማያጨስ ሰው እንዲጀምር አልመክርም። የፒፓ ጭስ ባይዋጥም ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል፤ ኒኮቲኑም ሱስ ያስይዛል። 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥም በሕግ ክልክል ነው። የሚከተለው ይህን አውቆ ለወሰነ አዋቂ ነው።

"ምላሴን አቃጠለኝ"

በብዛት የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው። የተሞላው ትምባሆ ግማሽ ሳይደርስ የምላስ ጫፍ ይለበለባል፤ በማግስቱ ቀይ ወጥ መብላት ጭንቅ ይሆናል።

የመጀመሪያው ምክንያት እርጥበት ነው። ብዙ ትምባሆ ከቆርቆሮው ሲወጣ ለማጨስ ከሚገባው በላይ እርጥብ ነው። ሲለኮስ ውሃው እንፋሎት ይሆንና ከጭሱ ጋር አፍ ውስጥ ይገባል። እሳቱ አልያዝ ሲል ደግሞ ሰውየው አጥብቆ ይስባል፤ ያኔ ፍሙ ይግላል። ሁለተኛው፣ ሲጋራ የለመደ ሰው ፒፓንም እንደ ሲጋራ ቶሎ ቶሎ መሳቡ ነው። ጋያ ሲጨስ ጭሱ በውሃ አልፎ ይቀዘቅዛል። ፒፓ ያ ውሃ የለውም፤ ያለው መላ መዘግየት ነው። ሦስተኛው የራሳችን ከተማ ንፋስ ነው። እዚህ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ንፋሱ የፒፓውን አፍ ካገኘው፣ ሳትስቡም ፍሙን ያራግበዋል።

ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ትምባሆ ነጭ ወረቀት ላይ በትናችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። በበጋው ደረቅ አየር ሩብ ሰዓት ሊበቃው ይችላል፤ ሐምሌ ላይ አንድ ሰዓትም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ ጣታችሁን እመኑ። ቆንጠር አድርጋችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ጫን አድርጉትና ልቀቁት። ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው። ቀስ ብሎ ከተፈታ ደርሷል። ከተንኮሻኮሸ አልፎበታል። ከዚያ ከንፋስ ተከልላችሁ፣ ፍሙ እንዳይጠፋ ያህል ብቻ እየሳባችሁ አጭሱ። ፒፓው እጅ ላይ ካቃጠለ አስቀምጡት፤ ቢጠፋም ይጥፋ።

የቅጠሉ ዓይነትም ለውጥ አለው። ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል ስኳሩ ብዙ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ግን የቸኮለን ሰው ይለበልባል። በርሊ ስኳሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ምላስን ያን ያህል አይነካም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው በርሊ የሚበዛበት፣ ቨርጂኒያ የገባበት፣ በቀጭኑ የተከተፈ ድብልቅ ነው። ተጠፍጥፎ በጥፍጥፍ የሚሸጠው ይቆያችሁ፤ መፈልፈልና ማድረቅ ልምድ ይፈልጋል። ትንሹን ቆርቆሮ፣ 50 ግራም የሚሆነውን ግዙ።

"ዞረብኝ፣ አቅለሸለሸኝ"

ይሄ ኒኮቲን ነው። በርሊ ምላስን ቢምርም ኒኮቲኑ ጠንከር ይላል፤ የፒፓ ጭስ ደግሞ ባይዋጥም ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ይገባል። ላብ ወይም ስቅታ ከጀመራችሁ ሳትጨርሱ አቁሙ። ቁጭ በሉ፣ ስኳር ያለው ሻይ ጠጡ። ባዶ ሆድ አይጨስም። በጾም ቀን ከቁርስ በፊት የሚሞክሩ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ለጊዜው ፒፓውን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉ፣ ጭሱንም ወደ ሳንባ አታስገቡ።

"ሽታው ቫኒላ፣ ጣዕሙ ምንም"

ለጀማሪ ብለው ሰዎች በስጦታ የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ጣዕም የተጨመረበትን ነው። ክፍሉን ያውደዋል፤ አፍ ላይ ግን እንፋሎት ብቻ ይሆናል። ብዙዎቹ እርጥበቱን የሚይዝ ፕሮፒሊን ግላይኮል ስላለባቸው በትናችኋቸውም በቀላሉ አይደርቁም። በዚያ ላይ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሱቅ ውስጥ ከስር አውጥቶ የሚያሳያችሁ ቢኖር እለፉት። ለጀማሪም አይሆንም።

"ቶሎ ቶሎ ይጠፋል"

ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ታጭቋል። ከታች ሳትጫኑ በተን አድርጉ፣ መሃሉን ትንሽ ጫን፣ ላዩን ጠበቅ። ሳትለኩሱ ሳቡት፤ አየሩ ከታገላችሁ አውጥታችሁ እንደገና ሙሉ። መጀመሪያ ስትለኩሱት ትምባሆው ያብጣል። በመጠቅጠቂያ በስሱ ዝቅ አድርጉና ድጋሚ ለኩሱ። ሁለት ሦስቴ ቢጠፋ ግን ችግር አይደለም፣ የለመዱትም ይጠፋባቸዋል።

"ይንቦጫቦጫል"

ጠብታ ተጠራቅሟል። የፒፓ ማጽጃ ሽቦ በምትስቡበት ጫፍ በኩል አስገብታችሁ አውጡ። ከዚያ ለአንድ ቀን አሳርፉት።

"ያለፈው ሳምንት ትምባሆ አልለቅ አለኝ"

ላታኪያ ያለበት ድብልቅ ከሆነ ይሄ ይጠበቃል። ላታኪያ በእንጨት ጭስ የሚታጠን ቅጠል ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሶርያዋ የወደብ ከተማ ነው። በወይራ እንደታጠነ ጋን ጠረኑ ከዕቃው አይወጣም። መሞከር ካማራችሁ ለእሱ ብቻ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራ ርካሽ ፒፓ መድቡለት።

"ደርቆ ተፈረፈረ"

ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ በአዳማ በጋ ብዙ አይቆይም። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ገልብጡበት። ቀድሞ የደረቀ ከሆነ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጉት፤ ተጨምቆ የወዛ ጨርቅ ትምባሆውን ሳይነካ ሳህኑ አፍ ላይ ወጥሩበት። በየሁለት ሰዓቱ ቆንጥራችሁ እዩት። የብርቱካን ልጣጭ ወይም ድንች የሚጨምሩ አሉ። እሱ ሻጋታ ያመጣል።