የቪዲዮ ኮዴኮችን ጥራት ስታወዳድሩ ፍርዱን የሚያዛቡ ስህተቶች

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ሠርግና ማስታወቂያ የሚያቀናብር ኤዲተር ፋይሉን በኤች.264፣ በኤች.265 ወይስ በኤቪ1 ኮዴክ (የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት) ላውጣው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሞክሮ መለየት ይቻላል፤ ብዙው ሙከራ ግን ገና ሲጀመር የተዛባ ነው።

ዋናው ስህተት ለሁሉም አንድ ዓይነት የሲአርኤፍ (ዝቅ ሲል ጥራቱም የፋይሉ መጠንም የሚጨምር የጥራት መወሰኛ) ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩ በየኢንኮደሩ (ቪዲዮውን በሚጨምቀው ፕሮግራም) ትርጉሙ ይለያያል። ካልነካችሁት ኤክስ264 23 ላይ፣ ኤክስ265 28 ላይ፣ ኤስቪቲ-ኤቪ1 ደግሞ 35 ላይ ይሠራል። ሁሉንም 28 አድርጋችሁ አንዱ ጥርት ብሎ ቢታያችሁ፣ ምናልባት ፋይሉ ስለከበደ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠናቸውን እኩል አድርጉ። ሁሉንም በሁለት ዙር ኢንኮዲንግ (መጀመሪያ ቪዲዮውን አጥንቶ ቀጥሎ በሚጨምቀው) በሰከንድ 2000 ኪሎቢት ላይ አውጧቸው። የ20 ሰከንድ ቁራጭ ያለ ድምፅ 5 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። አንዱ በግልጽ ከከበደ ቢትሬቱን (በሰከንድ የተመደበለትን ቢት) ቀንሳችሁ ድገሙት። ከዚያ በ1000 እና በ4000ም ሞክሩ፤ ቢትሬት ሲበዛ ሁሉም ስለሚያምር ልዩነቱ የሚወጣው ሲጠብባቸው ነው።

ከቴሌግራም በወረደ ቪዲዮ መፈተን ሌላው ችግር ነው። እሱ አንድ ጊዜ ተጨምቋል፤ አዲሱ ኮዴክ የቀድሞውን መሰባበር ጠብቆ ለማቆየት ቢት ያባክናል። ከካሜራው ካርድ በቀጥታ የተገለበጠውን ተጠቀሙ።

የቁራጭ ምርጫም ወሳኝ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ለየትኛውም ኮዴክ ቀላል ነው። የከዚራ ዛፎች ቅጠል ነፋስ ሲያወዛውዘው፣ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ካሜራው ቀስ ብሎ ሲያልፍባቸው፣ ማታ ከጀጎል ውጭ ጅብ ሲመገብ፤ የሚያጋልጡት እነዚህ ናቸው። በጅቡ ቀረጻ ላይ ከብርሃኑ ዳር ያለውን ጨለማ ተመልከቱ። ደካማው ውጤት ጥቁሩን በአራት ማዕዘን ይቆራርጠዋል፣ የጅቡን ፀጉርም እንደ ጭቃ ይለስነዋል። ብርሃኑ ወደ ጨለማ ሲደበዝዝ እርከን ከሠራ ደግሞ በ10 ቢት (የቀለም ደረጃዎቹ በሚበዙበት) አውጥታችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ቪዲዮውን አቁሞ አንድ ፍሬም ማወዳደር አያስተማምንም። አንዱ ሙሉ መረጃ የያዘ ቁልፍ ፍሬም ላይ፣ ሌላው ከጎረቤቶቹ የተገመተ ፍሬም ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ጥራት የሚፈረደው በእንቅስቃሴ ነው።

በቁጥር መለካት ለምትወዱ፣ ኔትፍሊክስ በ2016 ይፋ ያደረገው ቪማፍ የተባለ የጥራት መለኪያ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ የፒክስል ልዩነትን ብቻ ከሚለካው ከፒኤስኤንአር ይልቅም ለዓይን ፍርድ ይቀርባል። ዋናው ቀረጻና የተጨመቀው ፋይል በአንድ ፍሬም እንኳ ከተዛነፉ ግን ነጥቡ ያለ ጥፋት ይወድቃል። አማካዩን ብቻም አትመኑ፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን ፍሬሞች ፈልጋችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ፕሪሴቱንም (የኢንኮደሩን የፍጥነት ደረጃ) አትርሱ። ኤክስ264ን በዝግተኛው፣ ኤቪ1ን በፈጣኑ ፕሪሴት አውጥቶ ኤቪ1 ደካማ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። እያንዳንዱ የፈጀውን ደቂቃ ከውጤቱ ጎን ጻፉት።