ለመናገር ሲጫኑት የሚጠፋ ሬዲዮ፦ ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም

መብራት ሲጠፋ የቪኤችኤፍ መገናኛ ሬዲዮአችን በመጠባበቂያ ባትሪው ድምፅ በደንብ ይቀበላል፤ ለመናገር ቁልፉን ስንጫን ግን ወዲያው ይጠፋል። ባትሪው በመልቲሜትር ሲለካ 12.7 ቮልት ቢያሳይም ቻርጀሩን ቀየርን፤ አዲስ ባትሪም ገዛን፤ ለውጥ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ሬዲዮው እንዳይጠፋ የማሰራጫ ኃይሉን ዝቅ አድርጌ፣ ባልደረባዬ ቁልፉን ተጭኖ ሳለ በሁለት ቦታ ስለካ፣ በባትሪው ጫፎች 12.5፣ በሬዲዮው መግቢያ ደግሞ 11.4 ቮልት አገኘሁ። ሬዲዮው ሲያሰራጭ ከሚቀበልበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ መለካት የነበረብን መጀመሪያውኑ እንዲህ በሥራ ላይ እያለ ነበር። በባትሪውና በሬዲዮው መካከል ያለውን የፊውዝ መያዣ ስከፍት የመዳብ ጫፉን አረንጓዴ ዝገት ሸፍኖታል፤ ፕላስቲኩም በሙቀት ጠቁሯል። መያዣውን ቀይሬ፣ የሽቦዎቹን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ሳጠብቃቸው ልዩነቱ ወደ 0.1 ቮልት ወረደ፤ ሬዲዮውም በሙሉ ኃይል ሠራ። የቀድሞው ባትሪ ደህና ስለነበር በ13.6 ቮልት ቻርጀር ላይ መልሰነዋል።